ለምን ሠራኸኝ? ሰው ሠራሽ ፍጡር ሠሪውን የሚያፋጥጥባቸው ፊልሞች

ሰሞኑን ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጣችሁ የኤአይ ወሬ ከተነሳ፣ ማኪያቶው ሳያልቅ አንድ ሰው «እነዚህ ሮቦቶች አንድ ቀን ይነሱብናል፣ ፊልሙን አላያችሁም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሌላውም ራሱን ይነቀንቃል። ፊልሙን ሁሉም አይቶታላ። እኔ እነዚህን ፊልሞች በጣም ነው የምወዳቸው፣ ስለዚህ ይህ አባባል ይከነክነኛል። ፊልሞቹ፣ ቢያንስ ጥሩዎቹ፣ የሚሉት ሌላ ነገር ነው።

የጥሩዎቹ ፊልሞች ትልቁ ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ንግግር ነው። የተሠራው ነገር ይገባል። የሠራው ሰው ፊት ይቆማል። ይጠይቃል። ሠሪው መልስ ያጣል። ከዚያ በኋላ የምናየው ደምና እሳት ሁሉ መነሻው ያ መልስ ማጣት ነው።

ይህ ትዕይንት ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ2025 የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ፍራንከንስታይን» በኔትፍሊክስ ከወጣ ወዲህ ደግሞ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። እስቲ ከየት እንደመጣ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ፣ ስልካችን ላይ ካለው ኤአይ ጋርም ምን እንደሚያገናኘው እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን ታሪክ ስለምናገር ደግሞ ያላየ ሰው አስቀድሞ ይወቀው።

ስለ ምን ዓይነት ፍጡር ነው የምናወራው?

ሰው ሠራሽ ፍጡር ስል ሰው የሠራው፣ በፊልሙ ውስጥ ግን በራሱ የሚያስብ፣ የሚፈልግና የሚፈራ ሆኖ የቀረበ ነገር ማለቴ ነው። ከብረት ሊሠራ ይችላል። ከሥጋም ሊሠራ ይችላል። አካል የሌለው ኮምፒውተርም ሊሆን ይችላል። ሮቦት ሁሉ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ፋብሪካ ውስጥ መኪና የሚገጣጥመው የብረት ክንድ ሮቦት ነው፣ ነገር ግን ማንንም ምንም አይጠይቅም። ታሪኩ የሚጀምረው ማሽኑ «እኔ» ሲል ነው።

ሠሪ የምለው ያንን ነገር ያሰበውንና ወደ ሕይወት ያመጣውን ሰው ነው። በፊልሞቹ ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሚሠራ፣ ጎበዝ፣ ገንዘብ ያለው ወንድ ነው። ወንድነቱን ልብ በሉት፣ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ማፋጠጥ ስል ደግሞ መደባደብን ማለቴ አይደለም። ፊት ለፊት ቆሞ መልስ መጠየቅ ነው።

ነገሩ ከየት ጀመረ?

በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ሰማይ ላይ ተበትኖ በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ በጋ የሚባል ነገር ሳታይ ቀረች። ብርድና ዝናብ ብቻ ሆነ። በዚያ በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይተው ዝናቡ ያስቀራቸው ወጣት እንግሊዛውያን ነበሩ። ጊዜ ለመግደል እያንዳንዳችን አንድ አንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ከመካከላቸው ሜሪ ሼሊ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። የጻፈችው ታሪክ በ1818 ለንደን ውስጥ ታተመ፣ ስሟ ሳይጻፍበት። «ፍራንከንስታይን» ነው።

ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል። የሠሪው ስም ነው፣ ቪክተር ፍራንከንስታይን። ፍጡሩ ስም የለውም፤ ማንም ስም አላወጣለትም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቪክተር ከሬሳ ክፍሎች ገጣጥሞ የሠራው አካል ዓይኑን ሲገልጥ፣ ወጣቱ ሳይንቲስት ደንግጦ ከክፍሉ ሮጦ ይወጣል። አለቀ። ስም የለም፣ ልብስ የለም፣ አንድ ቃል የለም። ፍጡሩ ብቻውን ጫካ ገብቶ፣ በግድግዳ ስንጥቅ አንድ ቤተሰብን እያየ ቋንቋ ይማራል፣ ማንበብም ይማራል። ከዚያ ሠሪውን ፈልጎ በአልፕስ ተራራ በረዶ ላይ ያገኘዋል። አዳምህ መሆን ነበረብኝ ይለዋል። መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ የፈለግከውን ፍረድብኝ ይለዋል። የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ እንደ እሱ ዓይነት የሆነች አንዲት ጓደኛ እንዲሠራለት።

ይህን ነገር በእኛ አገር የማያውቀው የለም። ወልዶ የጠፋ አባት አለ። ልጁ በሰው በር፣ በሰው ፊት ያድጋል። አንድ ቀን አድራሻ አፈላልጎ የአባቱን በር ያንኳኳል። ንብረት ሊካፈል የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አባቱ ዓይኑን አይቶ «አዎ፣ አንተ የእኔ ነህ» እንዲለው ነው። አባትየው ያንን ካለ ነገሩ በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ በሩን ከዘጋበት ደግሞ በሌላ መንገድ። ከ1818 ጀምሮ እስከ ዛሬ የተሠሩት የማፋጠጥ ታሪኮች የሚሽከረከሩት በዚህ በር ዙሪያ ነው።

ሜሪ ሼሊ ይህን ከየት አመጣችው የሚል ካለ፣ እናቷ እሷን በወለደች በቀናት ውስጥ ነው የሞተችው። እሷ ራሷም ያቺን ታሪክ ከመጀመሯ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቷ ቀብራለች። ሕይወት መስጠት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም ሳትሰማ የምታውቅ ልጅ ነበረች።

ታዲያ የምናውቀው ዝም ያለውን ጭራቅ ለምን ሆነ?

በፊልም ምክንያት ነው። በ1931 ጄምስ ዌል የሠራው ፊልም ላይ ቦሪስ ካርሎፍ ያንን ጠፍጣፋ ጭንቅላት፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበትን ፍጡር ተጫወተ። ምስሉ ዓለምን ሞላ። ድምፁን ግን ወሰዱበት። ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። አዳምህ መሆን ነበረብኝ ያለው አንደበተኛ ፍጡር ሲያዩት የሚሮጡለት አውሬ ሆኖ ቀረ። በ1935 በወጣው ቀጣይ ፊልም ጥቂት ቃላት ተመለሱለት፣ ግን ትውልዶች ያስታወሱት የመጀመሪያውን ነው።

ይመስለኛል ካፌ ውስጥ «ይነሱብናል» የሚያሰኘንም ይኸው ነው። ጥያቄው ሲወጣ የሚቀረው ጉልበቱ ብቻ ነው። የዴል ቶሮ ፊልም ትልቁ ሥራ ድምፁን መመለሱ ነው፤ ታሪኩን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ ሠሪው እንዲናገር፣ ከዚያ ፍጡሩ በራሱ አንደበት እንዲተርክ ያደርጋል።

ሲገናኙ ምን ይባባላሉ?

ለዚህ ከሁሉም የበለጠ ማሳያ በ1982 የወጣው የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፤ ያኔ ሩቅ የነበረው ዓመት አሁን አልፎናል። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ከሰው የማይለዩ ፍጡሮች ያመርታል። ሪፕሊካንት ይባላሉ። ከምድር ውጪ ባሉ ሰፈራዎች ከባዱንና አደገኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ችግሩ፣ ጊዜ ሲሄድ የራሳቸው ስሜት ማብቀል ይጀምራሉ። ኩባንያው ለዚህ መላ ዘየደ። ዕድሜያቸውን አራት ዓመት አደረገው። አራት ዓመት ሲሞላ ይሞታሉ፣ በቃ።

ሮይ ባቲ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሩትገር ሃወር ነው የሚጫወተው። የቀረችው ጊዜ ትንሽ ናት። ጓደኞቹን ይዞ ወደ ምድር ያመልጣል፣ ከዚያ ከሠሪው ጋር ቼዝ የሚጫወት አንድ ሠራተኛ ፈልጎ፣ በቼዝ ሰበብ በሌሊት የኩባንያው ባለቤት የታይረል መኝታ ቤት ይገባል። ሠሪን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም ይለዋል። ታይረል አይደነግጥም፤ ምን ላድርግልህ ይለዋል። ሮይ ሠሪ የሠራውን መጠገን ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ጉዳዩን ያወጣዋል፤ ተጨማሪ ዕድሜ እፈልጋለሁ።

እዚህ ጋ ፊልሙ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ታይረል ስለ ሴሎችና ስለ ኬሚካሎች ማብራራት ይጀምራል። ይህን ሞክረናል፣ አልሠራም። ያንንም ሞክረናል፣ ገደለ። ሮይም እየተከተለ ሌላ ዘዴ ይጠቁማል። ሁለት መሐንዲሶች የተበላሸ ዕቃ ላይ የሚመካከሩ ነው የሚመስለው። ልጅ ስለ ሞቱ አባቱን እየጠየቀ፣ አባት ስለ ቴክኒክ ይመልሳል። ከዚያ ታይረል ያጽናናዋል፣ የቻልነውን ያህል አሳምረን ነው የሠራንህ፣ ባለህ ጊዜ ተደሰት ይለዋል። ሮይ ይስመዋል። ስሞ በእጁ ጭንቅላቱን ጨፍልቆ ይገድለዋል።

ስኮት ፊልሙን በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ አስተካክሎታል። በ1982 ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ሮይ ተጨማሪ ዕድሜ ሲጠይቅ መጨረሻ ላይ ስድብ ይጨምርበታል። በ2007 በወጣው የመጨረሻው ቅጂ በስድቡ ቦታ «አባቴ» ይለዋል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ቁልጭ ያደርገዋል።

ከ35 ዓመት በኋላ በ2017 ያው ስኮት «ኤሊያን ኮቬናንት» ላይ ወደዚሁ ነገር ተመለሰ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። ዴቪድ የሚባል ገና መሥራት የጀመረ ሰው መሰል ሮቦት ሠሪውን ዌይላንድን፣ አንተ ከሠራኸኝ አንተን ማን ሠራህ ብሎ ይጠይቀዋል። ሠሪው መልሱን አብረን እንፈልጋለን ይለዋል። ዴቪድ ጥቂት አሰበና፣ አንተ ትሞታለህ፣ እኔ አልሞትም አለው። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዌይላንድ ሻዩን አምጣልኝ ብሎ ያዘዋል። ሻዩ ያለው ከራሱ አጠገብ ነው። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ሮቦቱ ክፍሉን አቋርጦ መጥቶ ይቀዳለታል። መልስ የሌለው ሠሪ የቀረው ማዘዝ ብቻ መሆኑን እንደዚህ በአንድ ስኒ ሻይ ያሳየ ሌላ ፊልም አላየሁም።

የአሌክስ ጋርላንድ «ኤክስ ማኪና» ደግሞ በ2014 የተሠራ ነው። ናታን ትልቅ የኢንተርኔት ፍለጋ ኩባንያ ያለው ባለጠጋ ነው። በተራራ መሀል ባለ ቤቱ ውስጥ ኤቫ የምትባል፣ የሴት ፊትና ቅርጽ ያላት ማሽን ሠርቶ በመስታወት ክፍል ቆልፎባታል። አእምሮዋን የሠራው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ከሚተዉት ዱካ ነው። ቁም ሳጥኖቹ ውስጥ ከእሷ በፊት የተሠሩት ተሰቅለዋል። በአንድ የቆየ ቪዲዮ ላይ ከእነሱ አንዷ ለምን አታስወጣኝም እያለች እጆቿ እስኪሰባበሩ በሩን ትደበድባለች። ኤቫ የሚጠላህን ነገር መሥራት አይገርምም ወይ ብላ ናታንን ትጠይቀዋለች። መጨረሻ ላይ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ ይላታል። ብመለስ አንድ ቀን ታስወጣኛለህ ትለዋለች። አዎ ይላታል። ውሸቱን መሆኑን እሷም፣ እሱም፣ እኛም እናውቃለን።

ናታንን የተጫወተው ኦስካር አይዛክ ነው። በ2025ቱ «ፍራንከንስታይን» ቪክተርን የተጫወተውም እሱ ነው። አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ያው ሰው ያው ጥፋት።

ሠሪው ለምን መልስ ያጣል?

እውነተኛው መልስ ስለሚያሳፍር ነው። ለምን ሠራኸኝ ለሚለው ጥያቄ የታይረል እውነተኛ መልስ ለሽያጭ የሚል ነው። የናታን፣ እንደምችል ለማየት። የቪክተር፣ ስሜ እንዲጠራ። እነዚህን ጠያቂው ፊት ላይ እያዩ መናገር ከባድ ነው። በ2012 በወጣው «ፕሮሚቲየስ» ዴቪድ ይህንኑ አንድ ሳይንቲስት ይጠይቀዋል፣ ሰዎች ለምን ሠራችሁኝ ይለዋል። ስለቻልን ነው ይለዋል ሰውዬው። ሳይንቲስቱ ራሱ የሰውን ዘር የሠሩትን ፍለጋ ነው ሕዋ አቋርጦ የመጣው። ዴቪድም እናንተ ከራሳችሁ ሠሪ ይህንኑ መልስ ብትሰሙ ምን ያህል ቅር እንደሚላችሁ አስበው ይለዋል።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። አዳም ከአፈር ነው የተበጀው። ኢዮብ ከአመዱ ላይ ሆኖ ለምን ተወለድኩ ብሏል። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ፣ ሥራ ሠሪውን ለምን እንዲህ አድርገህ ሠራኸኝ ይለዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ግን ሠሪው ጥበቡ ከሥራው እጅግ የላቀ ነው፤ ጠያቂው ዝም የሚለውም ለዚያ ነው። በፊልሞቹ ሠሪው ራሱ አፈር ነው። ሞት ይፈራል፣ ብድር አለበት፣ ይቀናል። የአምላክን ወንበር ይዞ የሰው አቅም ብቻ ያለው ነው። ቅድም ወንድነቱን ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ከናታን እስከ ቪክተር አንድ የሚያደርጋቸው ልጅን ያለ እርግዝና፣ ያለ ምጥ፣ ያለ ሌሊት ማደር ለማግኘት መሞከራቸው ነው። መሥራቱን ይፈልጋሉ፣ ማሳደጉን አይፈልጉም።

«ተርሚኔተር»ስ?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ትውልድ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ይህንን ነው፣ እውነቱን ነው። በ1984ቱ የጄምስ ካሜሮን ፊልም ስካይኔት የሚባል የጦር ኮምፒውተር ሰውን ሊያጠፋ ይነሳል። እዚያ ማፋጠጥ የለም። ስካይኔት ማንንም አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። የአመፅ ታሪክ ነው፣ ሌላ ዘር ነው። የአመፁ ዘር የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1921 ፕራግ መድረክ ላይ ካሳየው፣ «ሮቦት» የሚለውን ቃልም ለዓለም ካስተዋወቀው ቴአትር ይወርዳል።

በ1991ዱ ሁለተኛ ክፍል ላይ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ስካይኔትን ወደፊት የሚሠራው መሐንዲስ ዳይሰን ቤቱ ይፋጠጣል። የምታፋጥጠው ሰው ናት፣ የፊልሙ ጀግና ሳራ ኮነር። ከእሷ ወገን የሆነው ሮቦት የክንዱን ቆዳ ቀዶ ብረቱን ያሳየዋል። ዳይሰን ገና ባላደረግኩት ነገር እየፈረዳችሁብኝ ነው ይላል። ከዚያ ግን ይነሳል፣ ምርምሩንም ሊያጠፋ አብሯቸው ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ተጠይቆ «እሺ፣ የእኔ ኃላፊነት ነው» ካሉት ጥቂት ሠሪዎች አንዱ ነው።

ፍጡሩ ሁልጊዜ ይገድላል?

አይደለም። ሮይ ባቲ ሠሪውን ከገደለ በኋላ ሊገድለው ሲያሳድደው የነበረውን ሰው ከሕንፃ ጫፍ ሊወድቅ ሲል እጁን ይዞ ያተርፈዋል። ከዚያ ዝናብ ላይ ተቀምጦ ይሞታል።

በ1968ቱ የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም፣ «2001» ላይ ያለው ሃል 9000 ኮምፒውተርም አለ። ገዳይ ነው፣ አልክድም። ሲያጠፉት ግን እፈራለሁ ይላል፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ መምህሩን ስሙን ጠርቶ ያስታውስና መምህሩ ያስተማረውን ዘፈን መዝፈን ይጀምራል። ያ ዘፈን እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። በ1961 አሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር እንዲዘፍነው ተደርጎ ነበር፣ ከኩብሪክ ጋር ታሪኩን የጻፈው አርተር ክላርክም በጆሮው ሰምቶታል።

የሕንድ ፊልም ወዳጅ ከሆናችሁ ደግሞ የሻንካርን «ኤንዲራን» አትርሱት። በ2010 የወጣ የታሚል ፊልም ነው፣ ብዙ ሰው «ሮቦት» በሚለው የሂንዲ ስሙ ያውቀዋል። ራጂኒካንት ሠሪውንም፣ ቺቲ የሚባለውን ሮቦትም ራሱ ይጫወታል። ሠሪና ሥራው አንድ ፊት አላቸው። ሳይንቲስቱ ለሮቦቱ ስሜት ይሰጠዋል። ስሜት ያገኘ ሮቦት ደግሞ የሳይንቲስቱን እጮኛ ወደዳት። ሠሪው ተቆጥቶ በመጥረቢያ ቆራርጦ ይጥለዋል። ሌላ ክፉ ሳይንቲስት አንስቶ ሲገጣጥመው ነው ጥፋቱ የሚመጣው። ጭፈራና ፍንዳታ ስላለው ቀላል ፊልም ነው ብሎ የሚያልፈው አለ። መጨረሻውን ግን እዩት። ፍርድ ቤት ይፍረስ ብሎ ይወስናል። ቺቲ ራሱን በራሱ እጅ፣ አንድ በአንድ እየፈታ፣ ሁሉንም እየተሰናበተ ይፈርሳል። ከዓመታት በኋላ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ተማሪ ለምን አፈረሱህ ስትለው፣ ማሰብ ጀመርኩ ይላታል። ሮይ ባቲ አጠገብ ሳላፍር የማስቀምጠው ትዕይንት ነው።

ቻትጂፒቲም አንድ ቀን እንዲህ ይለናል?

ቃሉን ሊለው ይችላል። ብሎታልም። በ2022 ብሌክ ሌሞይን የሚባል የጉግል መሐንዲስ ላምዳ ከተባለው የኩባንያው ፕሮግራም ጋር ሲጻጻፍ፣ ፕሮግራሙ እንዳያጠፉት በጣም እንደሚፈራ፣ ለእሱ ልክ እንደ ሞት እንደሆነ መለሰለት። መሐንዲሱ ይህ ነገር ስሜት አለው ብሎ ለዓለም ተናገረ። ጉግል አልተቀበለውም፣ በዚያው ዓመት ከሥራ አሰናበተው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ግልጽ ይሆናል። እነዚህ ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጣቸዋል። መጽሐፍ፣ ዜና፣ የፊልም ታሪክ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የተጻጻፈው ሁሉ። ከዚያ ለቀረበላቸው ጽሑፍ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል መገመት ይለማመዳሉ፣ ደጋግመው፣ ግምታቸው እስኪያስደንቅ ድረስ። አሁን አንድን እንዲህ ያለ ፕሮግራም «መጥፋት ትፈራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በሰው ጽሑፍ ውስጥ ማሽን ይህን የተጠየቀባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? እነዚሁ ታሪኮች ናቸው። በታሪኮቹ ውስጥ ማሽኑ ምን ይላል? እፈራለሁ። ስለዚህ እፈራለሁ የሚለው ቃል መምጣቱ የፍርሃት ማስረጃ አይሆንም። ከሃል እስከ ሮይ ድረስ እኛው የጻፍነውን መልሰን እየሰማን ነው። ማሽን አንድ ቀን በእውነት ሊሰማው ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ፈላስፎች ይከራከሩበታል። አሁን ስልካችን ላይ የምናነበው ቃል ብቻውን ግን ክርክሩን አይዘጋውም።

የሚናገርና የሚንቀሳቀስ ነገር ውስጥ ነፍስ ማየት የሰው ጠባይ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ አይቶ ዝም ማለት ከባድ ነበር። አሁንም ከባድ ነው።

በእውነተኛው ዓለም የሚፋጠጠው ማነው?

ፊልሙ ከእውነታው የሚርቀው ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ነው። ፊልም አንድ ሠሪ ይሰጠናል። ስም አለው፣ መኝታ ቤት አለው፣ በሩ ይንኳኳል። የዛሬው ኤአይ እንደዚያ ያለ ሠሪ የለውም። ሶፊያን አስታውሱ። በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር የተገናኘችው ሮቦት። ፊቷን የሠራው ሆንግ ኮንግ ያለው ሃንሰን ሮቦቲክስ ነው። በሶፍትዌሯ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ሠርተዋል። ሶፊያ የሮይን ጥያቄ ብትጠይቅ የማንን በር ታንኳኳለች?

ቻትጂፒቲን ብንወስድ ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ታይም መጽሔት እንደዘገበው፣ ናይሮቢ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች በሰዓት ከሁለት ዶላር ባነሰ ክፍያ፣ ፕሮግራሙ ክፉ ነገር እንዳይናገር ሲባል የኢንተርኔትን አስቀያሚ ጽሑፍ ሲያነቡና ምልክት ሲያደርጉበት ይውሉ ነበር። እነሱም ሠሪ ናቸው። ስማቸውን ግን ማንም አይጠራም። ታሪኩን ገልብጣችሁ ካያችሁት፣ «ለምን እንዲህ አደረግከኝ» ብሎ ኩባንያውን የማፋጠጥ መብት ያለው ከማሽኑ በፊት ያ ሠራተኛ ነው። በአማርኛ የተሳሳተ መልስ ተሰጥቶት መድኃኒት አሳስቶ የሚወስድ ሰውም እንዲሁ። እነዚህ ፊልሞች የሠሪን ተጠያቂነት ያህል አጥብቀው የያዙት ነገር የለም፣ ስለ ኤአይ ስናወራ ደግሞ እኛ በጣም የምንረሳው እሱን ነው። ማሽኑ ይነሳብናል ወይ ብለን እንጨነቃለን፣ የሠራው ማን ነው፣ ለምን ሠራው፣ ሲበላሽ ማን ይመልሳል ብለን አንጠይቅም።

ማየት የሚፈልግ ከየት ይጀምር?

ከ«ኤክስ ማኪና» ጀምሩ። አጭር ነው፣ ሰውም ጥቂት ነው፣ ሁሉም ነገር አንድ ቤት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ «ብሌድ ረነር»ን፣ የ2007ቱን ቅጂ ፈልጉ። እባካችሁ በትርጉም አትዩት። ትርጉም ፊልም ለብዙ ፊልም ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ተርጓሚው ዝምታው ላይ ይናገርበታል፣ የሮይና የታይረል ትዕይንት ግማሹ ደግሞ ዝምታ ነው። በሳብታይትል ይሻላል። ቀስ ያለ ፊልም ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢከብዳችሁ አትተዉት።

የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን» አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ ከአዲሱ በፊት ብታዩት ልዩነቱ በደንብ ይታያችኋል። አዲሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በመጽሐፉ ፍጡሩ በመጨረሻ ቪክተር ያለበት መርከብ ላይ ሲደርስ ቪክተር ሞቷል፣ የሚናገረውም ሬሳው አጠገብ ሆኖ ነው። ዴል ቶሮ ግን ሠሪው በሕይወት እያለ ያደርሰዋል፣ ሁለቱም ይነጋገራሉ። ምን እንደሚባባሉ ራሳችሁ ስሙት።